ለማማው የመረጥኩት ቦታ

ነገሩ የጀመረው በነሐሴ መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱን የማልረሳው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ የሥራ ማስታወቂያ እያየሁ ስለነበር ነው። ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ቡታጅራ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ከተመለስኩ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር። እናቴ ከታች ከእርሻው ጮኸች።

«ነይ ውጪ! በቆሎውን ጨረሱት!»

ሮጥኩ። ጦጣዎቹ ከአሥር ይበልጣሉ። አንዷ ልጇን ሆዷ ላይ እንዳጣበቀች እሸቱን ትላጣለች፤ ሁለት ሦስቴ ነክሳ ትጥለውና ሌላ ትሰብራለች። እኔና እናቴ ጓል ወረወርን፣ ጮህንም። ማለቴ እናቴ ጮኸች። እኔ ድምፄ አይወጣም። ተማሪ ሆኜ ስሜ ሲጠራ «አቤት» የምለው ለራሴ ብቻ ስለሚሰማ መምህራኑ ቀሪ ይሉኝ ነበር። ጦጣዎቹ ቀና ብለው አዩንና መብላታቸውን ቀጠሉ። እኛ አገር ጦጣ ሴት አይፈራም። ቀሚስ ያየ ጦጣ ሩጫውን እንኳ አያፋጥንም።

በዚህ መሃል አባቴ ከቤቱ ጥግ ብቅ አለ። ከወንበሩ ተነስቶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ካፖርቱን ሳይቆልፍ ነው የመጣው። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ከዘራውን ብቻ ከፍ አደረገ። ጦጣዎቹ ባንዴ ወደ ጅረቱ ወረዱ።

«አያችሁ?» አለ እየተነፈሰ። «ሰው ያውቃሉ።»

«ሱሪህን ነው የፈሩት፤ አንተን ማን ይፈራሃል» አለች እናቴ።

አባቴ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲያስለው ቆየ፤ ሳሉ ሲተወው ግን ፊቱ ላይ ያ ሳቅ አሁንም ነበር። ቤት ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

አባቴ ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። በዓመት አንዴ ለዓረፋ ይመጣል፤ ሲሄድ እናቴ እንሰቱንም እኛንም ይዛ ትቀራለች። ከሁለት ዓመት በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ታሞ ነው። ሐኪሞቹ ልብህ ደክሟል፤ ዕቃ አታንሳ፣ ዳገት አትውጣ አሉት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የፕላስቲክ ወንበሩን ደጃፍ ላይ አውጥተን እናስቀምጠዋለን። ፊት ለፊቱ ያለው የማድቤቱ ግድግዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ያንን ግድግዳ ያያል። የቤቱ ሥራ ሁሉ የእናቴ ነው፤ አባቴ የት ምን እንዳለ እንኳ አያውቅም። አንዳንዴ ከወንበሩ ሆኖ «ምን ላግዛችሁ?» ይለናል። ምንም የምንሰጠው ነገር አልነበረንም።

በዚያ ጠዋት ግን አገኘን። ማማ ይሠራለት፤ በቆሎው እስኪደርስ ጦጣውን እሱ ይጠብቅ ተባለ። የእናቴ ወንድም ባህር ዛፉን ቆርጦ በአንድ ቀን አቆመዋለሁ አለ። «የት ይሁን?» ብሎ ሲጠይቅ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«መሬት መለካት የተማረች እሷ ናት። እሷ ትምረጥ።»

ሰው ፊት ምረጪ መባል ያስጨንቀኛል። ቢሆንም ደብተር ይዤ ወጣሁ። መሬታችን ትንሽ ናት። ከላይ ቤቱ፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ፣ ከዚያ ቁልቁል በቆሎው፣ ከበቆሎው በታች ጅረቱ። ምሥራቁን ከጎረቤታችን መሬት የሚለየን የቅንጭብ አጥር ነው።

ሦስት ቦታ አየሁ። አንደኛው ጅረቱ ዳር ነው፤ ጦጣዎቹ የሚገቡት በዚያ ነው። ግን ለአባቴ ሩቅ ነው፤ መሬቱም ያረገርጋል። ሁለተኛው በቆሎው መሃል፣ አቮካዶው ሥር ነው። ከዚያ እርሻው ሁሉ ይታያል፣ ጥላም አለው። ግን ከበቆሎው በቀር አንድም ነገር አይታይም፤ ከቤት ሲወርዱት ቁልቁል ሆኖ ሲመለሱት ዳገት ነው። ሦስተኛው ከላይ፣ የቅንጭቡ አጥር ጥግ ነው። ከቤት አርባ እርምጃ፣ መንገዱ ሜዳ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲያዩ በቆሎው እስከ ጅረቱ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ ደግሞ፣ በጎረቤታችን እንሰት መካከል አልፎ፣ አስፋልቱ ይታያል። ወደ ቡታጅራ የሚሄደው ሚኒባስ፣ ባጃጁ፣ የመስጊዱ ሚናራ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው።

የአጎቴን መሰላል አቁሜ ወጣሁና አየሁት። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲተላለፍ እያየ የኖረ ነው፤ ግድግዳ አይገባውም ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ቦታውን የመረጥኩት ለበቆሎው አይደለም። ለእሱ መንገድ ነው የመረጥኩለት።

«እዚህ ጋ ይሁን» አልኩ።

እናቴ ወደ አጥሩ አየች። «እዚህ ጋ?»

«ምነው?»

አባቴ ወንበሩን እየጎተተ ከኋላችን ደርሶ ነበር። የመሰላሉን ሦስት ደረጃ ወጣ ብሎ፣ መንገዱን አይቶ፣ «ኧረ ሚኒባሱ ከዚህ ይታያል!» አለ፤ እንደ ልጅ። እናቴ አየችው።

«ምንም» አለችኝ። «ጥሩ ቦታ ነው።»

ማመንታቷን አይቼዋለሁ። ምንድን ነው ብዬ ግን አልጠየቅኳትም። አንድ ነገር ከጠየቅኩ ያንን ሳቅ የማጠፋው መሰለኝ።

ማማው በማግስቱ ቆመ። ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም፤ አራት ምሰሶ፣ የእንጨት ርብራብ፣ ከላይ የሣር ክዳን። ደረጃዎቹን ሰፋፊና ዝቅ ዝቅ ያሉ አስደረግን። አባቴ በየሁለቱ ደረጃ እያረፈ ይወጣል። ወንጭፍ መወርወር ስለማይችል ጠጠር የተሞላ የቆርቆሮ ጣሳ ሰጠነው። ለእሱ ግን ጣሳውም አላስፈለገውም፤ የድሮ ድምፁ ተመለሰ። ሱቁ በር ላይ ቆሞ ደንበኛ የሚጠራበት ድምፅ።

«የለም! የለም! ዛሬ ሱቅ ዝግ ነው!» ይላል ጦጣዎቹ ከጅረቱ ብቅ ሲሉ። «ነገም ዝግ ነው! ሌላ ሱቅ ሞክሩ!»

«በዚህ አጠራርህ ነው ደንበኛ ያጣኸው» ትለዋለች እናቴ ከታች።

«እነዚህ ሳይገዙ የሚነካኩ ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ።»

በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ ከላይ «አሰላሙ አለይኩም!» ይለዋል። ምሳውን ስወስድለት የቀኑን ወሬ ይነግረኛል። ሰማያዊው ሚኒባስ ዛሬ ዘግይቷል። የመስጊዱ አጥር ሊታደስ ነው መሰለኝ፤ ድንጋይ አራግፈዋል። አንዲት ልጅ ባጃጅ ውስጥ ፍየል ይዛ አለፈች፤ ፍየሏ ከፊት ነው የተቀመጠችው። እየበላ ያወራል፤ እያወራ ይረሳና እንጀራው እጁ ላይ ይቀራል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ኖርን። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የኮራሁበት ሥራ የለኝም።

ጎረቤታችን ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ሁሉ አዲስ አበባ የገቡባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ለእናቴ እንደ ታላቅ እህት ናቸው። መስከረም ላይ የተዋስነውን ወንፊታቸውን ልመልስ ሄድኩ። ቤታቸው የሉም። እንሰታቸው ውስጥ ገብቼ ተጣራሁ፤ የተጣራሁት በእኔ ድምፅ ስለሆነ ማንም አልሰማኝም። ፈልጌ ፈልጌ ታች፣ ጅረቱ ዳር አገኘኋቸው።

ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው ለቆጮ እንሰት ይፍቁ ነበር። ሳንቃውን ግንድ ላይ አስደግፈውታል፤ ግንዱ ስለሚንሸራተት በየጊዜው ተነስተው ያቃናሉ። እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመዋል፤ በጨርቁ ደም አልፎበታል።

«እትዬ! ምን ሆነው ነው?»

«መፋቂያው አዳልጦኝ ነው። ምንም አይደል፣ ጭረት ናት።»

«ለምን እዚህ ወረዱ? እዚያ ላይ ቦታ እያለዎት?»

ፍቂያቸውን ቀጠሉና፣ «እዚያ ነፋስ በዛብኝ» አሉ።

ወንፊቱን አስቀምጬ በእንሰታቸው ውስጥ ሽቅብ ተመለስኩ። የድሮው መፋቂያ ቦታቸው በእንሰቱ መሃል ያለች ክብ ገላጣ መሬት ናት። ልጅ ሆኜ እናቴና እሳቸው እዚያ ሲፍቁ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። እንሰት ሲፋቅ ሴቷ መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ወደ ላይ አንስታ በእንሰቱ ላይ ትረግጣለች፤ ቀሚሷ ይሰበሰባል፤ እስከ ጭኗ ይታያል። ስለዚህ ወንድ ወደዚያ አይሄድም። ማንም አይሂድ ብሎ ጽፎ አልለጠፈውም፤ ብቻ አይሄድም። በአጠገቡ የሚያልፍ ካለ ከሩቅ ስሎ ዞሮ ያልፋል። የሠፈሩ ሴቶች የማይባለውን ሁሉ የሚባባሉት፣ የሚሳሳቁትም የሚያለቅሱትም እዚያ ነው።

ገላጣዋ ባዶ ነበረች። የረገጡት አፈር ላይ ሣር መብቀል ጀምሯል። ቀና አልኩ። በሁለት እንሰት መካከል፣ ከቅንጭቡ አጥር በላይ፣ አባቴ ማማው ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ወደ እኔ ነው። እኔን አላየኝም፤ እያየ የነበረው መንገዱን ነው። መንገዱን ለማየት ግን ዓይኑ የሚያልፈው በዚህች ገላጣ ላይ ነው።

እኔ የመረጥኩለት መንገድ ይህ ነበር። ደብተሬ ላይ ነፋሱን፣ ተዳፋቱን፣ እርምጃውን ጽፌያለሁ። ልጅነቴን ያሳለፍኩባትን ቦታ አልጻፍኩም። ከቤት ርቄ የቆየሁት አራት ዓመት ብቻ ነው። ይህን ለመርሳት አራት ዓመት እንደሚበቃ አላውቅም ነበር።

እናቴን ማድቤት አገኘኋትና ነገርኳት። እጇን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመጀመሪያውም?»

«ከመጀመሪያውም። ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። ‹በቆሎው እስኪገባ ነው፤ እኔ ጅረቱ ዳር እወርዳለሁ፤ እሱ ግን ከማማው እንዳይወርድ› ነው ያሉኝ። ድምፁን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።»

«እግራቸው ቆስሏል።»

«አይቼዋለሁ።» ከዚያ ዘወር አለችና ወደዚያ ግድግዳ፣ ከበሩ ውጪ ባዶውን ወደተቀመጠው የፕላስቲክ ወንበር አየች። «ምን ላድርግ? ልመልሰው እዚህ?»

ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። በየቀኑ ምሳ ይዤ ማማው ላይ እወጣለሁ፤ ወሬውን እሰማለሁ፤ ጀርባዬን ለአጥሩ ሰጥቼ እቀመጣለሁ። በዓይነ አፋርነቴ ብዙ ጊዜ ተወቅሻለሁ፤ ተቀባይነት ያጣሁበትም አለ። ሰው የጎዳሁበት ግን ያ ዘጠኝ ቀን ነው።

ማክሰኞ ማታ፣ ራት ላይ፣ አባቴ ድንገት እናቴን ጠየቃት።

«ጎረቤታችን ታመው ነው እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናቸው።»

«ድሮ እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ የመፋቂያቸውን ድምፅ እሰማው ነበር። ሸር ሸር ሲል። ግድግዳውን እያየሁ እሱን ስሰማ ሰው አጠገቤ ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁን ጠፋብኝ። ማማው ወደ እሳቸው ይቀርባል፤ እንዲያውም የበለጠ መስማት ነበረብኝ።»

እናቴ ወደ ሳህኑ አየች፤ እኔም ወደ ሳህኑ። አባቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየን። ነጋዴ ነው፤ ሰው ዝም ሲል ምን እንደሆነ ያውቃል።

«ያቺ ባዶ መሬት» አለ ቀስ ብሎ። «ከአጥሩ ወዲያ ያለችው። ዕቃ የሚያሰጡባት መስላኝ ነበር።»

እናቴ እንጀራ ጨመረችለት።

እስከዛሬ የማልረሳው ይህን ነው። ቦታዋን ያላወቃት ሥርዓት ስላለው ነው። ተወልዶ ባደገበት መንደር፣ ልጅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ ከሩቅ እየሳለ ዞሮ ሲያልፍ ኖሯል። ስለዚህ እፊቱ ስትታይም አላወቃትም። የምታውቀው እኔ ነበርኩ።

«ማን መረጠው?» አላለኝም። እንዲህ ብሎ ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። እጁን ታጠበና ተነሳ።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ካፖርቱን ቆልፎ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ወደ ጎረቤታችን በር ሄደ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆሞ ሳለ። የበሽታው ሳል አልነበረም፤ ወንድ መምጣቱን የሚያስታውቅበት ሳል ነው። ጎረቤታችን እያነከሱ ወጡ።

«እህቴ፣ አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

«ለምኑ? አንተ ያየኸው ጦጣ ነው። እኔን መቼ አየኸኝ?»

«አላየሁሽም፤ አላህ ያውቃል።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንቺ ግን ታዪኝ ነበር።»

ጎረቤታችን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ድምፅህን እወደው ነበር» አሉ። «ቤቴ ውስጥ ወንድ ልጅ ያለ ይመስለኝ ነበር።»

አጎቴ መጣ። ምሥራቁን በሰሌን እንጋርደው አለ። አባቴ አልተስማማም።

«መጋረጃ ካለ ከጀርባው ሰው አለ። ሰው መኖሩን እያወቁ እግራቸውን ያነሳሉ? አንሳው። ያቺ አቮካዶ ሥር ውሰደው።»

እስከ እኩለ ቀን ማማው ተነስቶ በቆሎው መሃል ቆመ። ከሰዓት በኋላ አባቴ ልሞክረው አለ። እናቴ አትሂድ አለችው። ከዘራውን ይዞ ቁልቁሉን ወረደ። መውረዱ ደህና ነበር። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመና ዙሪያውን አየ። በቆሎ ብቻ ነው። «ጥላው ጥሩ ነው» አለኝ። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ሦስቴ ተቀመጠ። የመጨረሻውን እኔና እናቴ ደግፈን ነው ያወጣነው። እግሩ አብጦ ጫማው አልወልቅ አለ። ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። ከንፈሩ ጥቁር ሆኖ ነበር።

«ከዚህ በኋላ አልወርድም» አለ። የተናገረው ለግድግዳው ነው።

ያ በቆሎ ሲሰበሰብ አባቴ ነበረ፤ የሚቀጥለውን ዓመት በቆሎ ግን አላየም። ያንን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ያወቅኩት፣ በበቆሎው መሃል ማንም የሌለበት ማማ መቆሙን ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሜ ተነሳሁ። አባቴ ሁለቱን ትራስ ደርቦ ተኝቷል። ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረድኩ። የአጎቴን የሥራ ሱሪ በቀሚሴ ሥር ለበስኩና ቀሚሱን አወለቅኩት። ፀጉሬን ጠቅልዬ የአባቴን ኮፍያ አጠለቅኩ። ካፖርቱ መድኃኒትና ሳሙና ይሸታል፤ እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል። ጣሳውን ይዤ ቁልቁሉን ወርጄ ማማው ላይ ወጣሁ።

ፀሐይ ትንሽ ከፍ ስትል ጦጣዎቹ ከጅረቱ ብቅ አሉ። ያቺ ልጇን ሆዷ ላይ የምታጣብቀው ጦጣ ከፊት ናት። ቆመች። ካፖርቱን አየች። ፊቴን አየች። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ በቆሎው ገባች።

ጣሳውን አንኳኳሁ፤ ሌላ እርምጃ ገባች።

ያኔ ከላይ፣ ከእንሰቱ ውስጥ፣ ድምፁ ተሰማኝ፤ ሸር፣ ሸር፣ ሸር። ጎረቤታችን ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። አባቴም ይሄኔ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ይሰማው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እሱ ከሰማው እኔንም ሊሰማኝ ይችላል።

ተነስቼ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ፤ መጀመሪያ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እንደገና ሞከርኩ።

«የለም!» ብዬ ጮህኩ። «ዛሬ ሱቅ ዝግ ነው!»

ድምፄ ቀጭን ነበር፤ መጨረሻው ላይም ተሰበረ። ፍቂያው ቆመ። ጦጣዋም እንዳለች ቆመች። ዳገቱን ሽቅብ ወደ ቤቱ አላየሁም፤ ካፖርቱን እስከ አንገቴ ቆልፌ እንደገና ጮህኩ።